ስለ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» አንብበው የጨረሱም፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያልወጡም ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መልሶቹ የታሪኩን ምሥጢር ይገልጣሉ። ልቡን አንጠልጥሎ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ተመልክቶ ወደ መጽሐፉ ይሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ፒፕ የሚባል እናትና አባት የሌለው ልጅ በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ረግረግ ዳር ባለች መንደር፣ በታላቅ እህቱና በባሏ በብረት ሠሪው በጆ ጋርጀሪ ቤት ያድጋል። አንድ የገና ዋዜማ ከእስረኞች መርከብ ላመለጠ ወንጀለኛ ምግብና ሞረድ ከቤት ሰርቆ ይሰጣል። ቆይቶ ሚስ ሃቪሻም ወደምትባል ሀብታም ሴት ቤት እየተጠራ ይሄዳል፤ እዚያ ኤስቴላ የምትባል ቆንጆ ልጅ ያያል። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱም፣ በእጁም፣ በአሳዳጊውም ማፈር ይጀምራል። ከጆ ሙያ እየተማረ ሳለ ስሙ የማይገለጽ ሰው ሀብት እንደሚያወርሰው ይነገረውና የተከበረ ሰው ሊሆን ለንደን ይገባል። የቀረው ታሪክ ያ ገንዘብ ከማን እጅ እንደመጣና ፒፕን ምን እንዳስከፈለው ነው።

ልብ ወለዱ ዲከንስ ራሱ በሚያዘጋጀው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 በ36 ሳምንታት ታትሟል። ሦስት ክፍልና 59 ምዕራፎች አሉት።

ርዕሱ በአማርኛ ምን ማለት ነው? «ታላቅ ተስፋ» ቢባል ያስኬዳል?

ያስኬዳል፤ ግን ግማሹ ይቀራል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ቃሉ ተስፋ ብቻ አልነበረም፤ ወደፊት ይወረሳል ተብሎ የሚጠበቅ ሀብት ማለትም ነበር። ጠበቃው ጃገርስ መንደሩ ድረስ መጥቶ «ይህ ልጅ ታላቅ ተስፋ አለው» ሲል የሚናገረው ስለ ርስትና ስለ ገንዘብ ነው። ፒፕ ግን ቃሉን ሲሰማ ኤስቴላን ያስባል። አንዱ የውርስ ቃል ይናገራል፣ ሌላው የፍቅር ቃል ይሰማል፤ የልጁ መከራ ከዚህ አለመግባባት ይወለዳል። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለማይዝ አንባቢ ርዕሱን ባየ ቁጥር ውርሱንም አብሮ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ፒፕ ውለታ ቢስ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል?

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው መጽሐፉን በደንብ እያነበበ ነው። ፒፕ በእርግጥ ያናድዳል፤ ግን እንዲያናድደን የሚያደርገው ራሱ ፒፕ መሆኑን እናስተውል። ታሪኩን የሚተርከው የጎለመሰው ፒፕ ነው፤ የልጅነቱንና የወጣትነቱን ጥፋት አንድም ሳያስቀር ይቆጥራል፣ ለራሱም አያዳላም። እንዲያውም መጽሐፉ ከታሪክነቱ ይልቅ ኑዛዜነቱ ይበልጥብኛል።

ሀፍረቱ የገባበትን ደቂቃ ዲከንስ በጣም ከቅርብ ያሳየናል። ፒፕ በሚስ ሃቪሻም ቤት ከኤስቴላ ጋር ካርታ ይጫወታል። ልጅቱ በንቀት፣ ይህ ልጅ የካርታውን ስም እንኳ በትክክል አይጠራም፣ እጁ እንዴት ሻካራ ነው፣ ጫማውስ እንዴት ወፍራም ነው ትላለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፒፕ ስለ እጁ አስቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ ምግብ ታመጣለትና ለተቀጣ ውሻ እንደሚሰጥ ሁሉ ፊቱን ሳታይ ትሰጠዋለች፤ መጠጡን ግቢው ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለታለች። እርሷ ዞር ስትል ፒፕ ግድግዳውን እየረገጠ፣ ጸጉሩን እየነጨ ያለቅሳል። እጁ ግን ትናንት የነበረው እጅ ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

እኛ ይሉኝታ የምንለው ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነው። ፒፕን የያዘው ከዚያ ይብሳል፤ ማንም ሳያየው፣ ብቻውን ብረት እየቀጠቀጠ እንኳ በኤስቴላ ዓይን ራሱን ያያል።

ጆ ጋርጀሪ የዋህ ነው ወይስ ሞኝ?

በመጀመሪያ ስለ ሙያው አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ሲባል የቆየ ንቀት አብሮት ይመጣል፤ ይህን ይዘን ካነበብን ፒፕ ያፈረው መንደርተኛው ጆን ስለሚንቀው ይመስለናል። በእንግሊዝ መንደር ግን ብረት ሠሪ የሚፈለግና የሚከበር ባለሙያ ነበር። ጆን የናቀው መንደሩ አይደለም፤ ንቀቱን ከሳቲስ ሃውስ፣ ከሚስ ሃቪሻም ቤት፣ ይዞ የመጣው ያሳደገው ልጅ ነው።

ጆ ማንበብ አይችልም፤ ከጽሑፍ ለይቶ የሚያውቀው የስሙን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ሚስቱ ስትጮህበትና ፒፕን ስትመታ ዝም ይላል፤ ብዙ አንባቢ ሞኝ ነው የሚለው ለዚህ ነው። እርሱ ግን ምክንያቱን ለፒፕ ነግሮታል፦ አባቱ ሰካራም ነበር፣ እናቱን ይደበድባት ነበር፤ ስለዚህ ሴትን ከመበደል ራሱ ተበድሎ መኖርን መረጠ። ሞኝ ሰው እንዲህ አስቦ አይወስንም። ዝምታው ፒፕን ከዱላ እንዳላዳነው ግን አይካድም፤ ጆም ይህን ያውቃል፣ ይጸጸትበታልም።

ማንነቱ መጀመሪያ የሚታየው በገና ዕለት ነው። ወታደሮች ያመለጠውን እስረኛ ሲይዙ እስረኛው ፒፕን ለማዳን ብሎ፣ ከብረት ሠሪው ቤት ምግብ የሰረቅሁት እኔ ነኝ ይላል። ጆ ወዲያው ይመልሳል፦ ምን እንዳደረግህ አናውቅም፣ ግን አንተ ምስኪን ወንድማችን በረሃብ እንድትሞት አንፈልግም፤ የእኔ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈቅጄልሃለሁ። የመጽሐፉ ፍርድ ሁሉ እዚህ ላይ ተሰጥቶ ያለቀ ይመስለኛል። ፒፕ ይህን ለመረዳት ግን ሃምሳ ምዕራፍ ፈጅቶበታል።

ሁለተኛው ትዕይንት ጆ ለንደን የሚመጣበት ነው። ፒፕ ገንዘብ ከፍሎ ማስቀረት ቢችል ኖሮ ያስቀረው እንደነበር ራሱ ይናዘዛል። ጆ የማይመቸውን የክት ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ባርኔጣውን የት እንደሚያኖር ይጨንቀዋል፤ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይወድቃል፤ ያነሳዋል፣ ደግሞ ይወድቃል። ፒፕን አንዴ በስሙ፣ አንዴ «ሰር» እያለ ይጠራዋል። ይህን ከእኛ የበለጠ ማን ይረዳዋል? ጭኑ ላይ አስቀምጦ «አንተ» እያለ ያሳደገውን ልጅ «እርስዎ» ሲለው ማለት ነው! ፒፕ ይበሳጫል፤ ጆን እንዲህ ያስጨነቀው የራሱ ሁኔታ መሆኑ የሚገባው ቆይቶ ነው።

ሊሄድ ሲል ግን ጆ ይረጋጋል። ሕይወት ተበይደው የተያያዙ የብዙ መለያየቶች ሰንሰለት ናት፣ አንዱ ብረት ሠሪ፣ አንዱ ወርቅ አንጥረኛ፣ አንዱ መዳብ ሠሪ ነው፣ እኔ በዚህ ልብስ ልክ አይደለሁም፣ ከመሥሪያዬና ከኩሽናዬ ከወጣሁ ልክ አይደለሁም ይለዋል። ግንባሩን በእጁ በቀስታ ይነካውና ይወጣል። ፒፕ ወደ ልቡ ተመልሶ ሲከተለው ጆ የለም።

የፒፕ ባለውለታ ማን ነው? ለምን ተደበቀ?

አቤል ማግዊች ነው፤ በረግረጉ ላይ ያመለጠው እስረኛ። ወደ አውስትራሊያ ተግዞ፣ በግ እያረባ ሀብታም ሆነ፤ ያፈራውንም ምግብ ላመጣለት ልጅ አዋለው። የተደበቀው ደግሞ ዕድሜ ልክ የተጋዘ ሰው ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ ሞት ስለሚፈረድበት ነው።

ፒፕ ግን ባለውለታዬ ሚስ ሃቪሻም ናት፣ የምታሳድገኝም ለኤስቴላ ነው ብሎ ዓመታት ኖሯል። በ23 ዓመቱ፣ አንድ ዝናብና ነፋስ የበረታበት ሌሊት፣ ማግዊች ደረጃውን ወጥቶ መጣ። አንተ እንዲመችህ እኔ ተንገላትቼ ኖርሁ፣ አንተ ከሥራ በላይ እንድትሆን እኔ ጠንክሬ ሠራሁ ይለዋል። ፒፕ ተጸየፈው፤ ሽማግሌው እጁን ሲስመው ሰውነቱ ሸሸ። በጆ አፍሮ የሸሸው ልጅ የጨዋነቱ መሠረት የተጋዘ ወንጀለኛ ላብ መሆኑን አወቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለውጥ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ውበት ነው። ፒፕ ማግዊችን በጀልባ ሊያስመልጠው ይሞክራል፤ ቴምዝ ወንዝ ላይ ይያዛሉ። ሀብቱ በመንግሥት ይወረሳል፤ ለፒፕ ሳንቲም አይተርፍም። ታዲያ በዚያች የኪሳራ ሰዓት ነው ፒፕ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ችሎት የሚቆመው። 32 ወንዶችና ሴቶች በአንድነት የሞት ፍርድ ይሰማሉ። ማግዊች ከመሰቀሉ በፊት በሕመም ይሞታል፤ ፒፕ በመጨረሻው ሰዓት የጠፋችው ልጅህ በሕይወት አለች፣ ታላቅ እመቤት ሆናለች፣ እኔም እወዳታለሁ ይለዋል። ያቺ ልጅ ኤስቴላ ናት።

ዋናው ጭብጥ ምንድን ነው? የመደብ ልዩነት ነው ይባላል።

ነው፤ ግን ጠበብ አድርጎ ማየት ይሻላል። የመጽሐፉ ጥያቄ ጨዋ ማን ነው የሚል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ከርዕሱ በተቃራኒ በእጅጉ ይረዳናል፤ ጨዋ ስንል በትውልድ የተከበረውንም፣ በጠባዩ የታረመውንም ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ፒፕ የመጀመሪያውን ሲያሳድድ ሁለተኛው በብረት መሥሪያ ቤት ትቶት የመጣው ሰው ነበር።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው የኮምፒሰን ነገር ነው። ኮምፒሰን የተማረ፣ ሸጋ አለባበስና ለስላሳ አንደበት ያለው አጭበርባሪ ነው፤ ሚስ ሃቪሻምን በሠርጓ ቀን ጥሏት የሄደውም እርሱ ነው። ከማግዊች ጋር በአንድ ወንጀል ተከሰሱ። ዳኞቹ ሁለቱን አዩ፦ አንዱ ጨዋ የሚመስል፣ ሌላው ጎስቋላ። ለሸረበው 7 ዓመት፣ ለታዘዘው 14 ዓመት ፈረዱ፤ ማግዊች ዕድሜ ልክ የተጋዘው ካመለጠ በኋላ ነው። ዲከንስ በሕግ ፊት ልብስ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማሳየት ከዚህ በላይ ስብከት አላስፈለገውም።

የፒፕ የለንደን ጓደኛ የኸርበርት ፖኬት አባት ስለዚሁ ሰው የተናገረው ደግሞ አይረሳም፦ ቀለም የእንጨቱን ተፈጥሮ አይሸፍንም፣ ብዙ በቀባኸው መጠን የእንጨቱ መስመር ይበልጥ ይታያል።

ፒፕ በዚያ ሁሉ ገንዘብ የሠራው አንድ ቁም ነገር ቢኖር ለኸርበርት በድብቅ የንግድ ሽርክና መግዛቱ ነው። ባዶ እጁን በቀረ ጊዜ የሚቀጠረውም በዚያው ድርጅት ነው፤ ካይሮ ሄዶ በጸሐፊነት ይሠራል።

ሚስ ሃቪሻም እብድ ናት?

እብደት ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሠርጓ የፈረሰበት ደብዳቤ በደረሳት ሰዓት፣ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ፣ በቤቱ ያሉትን ሰዓቶች ሁሉ አስቆመች። ጫማዋን አንዱን ብቻ አድርጋ ነበር፤ ሌላው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቀረ። ቬሎዋ በላይዋ ላይ ቢጫ ሆነ፤ የሠርጉ ኬክ ሸረሪት አደራበት። ይህ ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብናዝንላት ይበቃ ነበር። ግን በሐዘኗ አንዲት ሕፃን አሳደገች፤ ወንዶችን እንድትሰብርላት አድርጋ አሳደገቻት። የማልምራት እዚህ ላይ ነው።

እርሷም መጨረሻ ላይ አልማረችም፤ ራሷን ማለቴ ነው። ፒፕ ኤስቴላን ሲያጣ አይታ የራሷን ጠባሳ በእርሱ ላይ አወቀችው፣ ተንበርክካ ምን አደረግሁ እያለች ለመነችው። በዚያው ቀን ልብሷ በእሳት ተያያዘ፤ ፒፕ በካፖርቱ አፍኖ አጠፋላት፣ እጁም ተቃጠለ። ሻካራ ተብሎ የተናቀው እጅ ነው ያወጣት።

ኤስቴላ ፒፕን ወድዳው ታውቃለች?

መጽሐፉ አዎ ብሎ አያውቅም። ኤስቴላ ግን ለፒፕ አትዋሽም፤ ልብ የለኝም ብላ ታስጠነቅቀዋለች፣ ሌሎቹን ወንዶች ስታታልል እርሱን አታታልልም። ምናልባት የምትችለው ፍቅር ይህ ነበር። አሳዳጊዋ ፍቅር ስትጠይቃት የሠራሽኝ አንቺ ነሽ፣ የሆንሁትን የሆንሁት በአንቺ ነው ብላ ትመልሳለች። ፒፕን ዝቅተኛ ብላ የናቀችው ልጅ የወንጀለኛ አባትና በነፍስ ግድያ ተከስሳ የተለቀቀች የጃገርስ ቤት ሠራተኛ የሞሊ ልጅ መሆኗን ፒፕ ያውቃል፤ እርሷ ማወቋን ግን ዲከንስ አያሳየንም።

ጃገርስና ዌሚክ ለምን ያን ያህል ቦታ ተሰጣቸው?

ጃገርስ የኒውጌት እስር ቤት ደንበኞቹን በሸኘ ቁጥር እጁን ጥሩ መዓዛ ባለው ሳሙና ይታጠባል። ጸሐፊው ዌሚክ ደግሞ ሥራ ቦታ አፉ እንደ ፖስታ ሳጥን ቀዳዳ የደረቀ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ድልድይ ባላት ትንሽ ቤተ መንግሥቱ ጆሮው የከዳውን ሽማግሌ አባቱን ይንከባከባል፣ አባቱ እንዲሰማና ደስ እንዲለው ማታ ማታ መድፍ ይተኩሳል። በዚያች ከተማ ደግነት እንዲተርፍ ከሥራ ሰዓት ውጭ መደበቅ ነበረበት። ጆ ግን የሚደብቀው ሌላ ፊት የለውም።

ኦርሊክስ? ቢዲስ?

ኦርሊክ የጆ ሠራተኛ ነው፤ የፒፕን እህት አካለ ስንኩል እስክትሆን የመታት እርሱ ነው። ፒፕ በውስጡ የያዘውን ቁጣ ኦርሊክ በእጁ ይፈጽመዋል የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቢዲ ከፒፕ ጋር ያደገች የመንደሩ ልጅ ስትሆን ትዕቢቱን ፊት ለፊት የምትነግረው ብቸኛዋ ሰው ናት። ፒፕ ሁሉን ካጣ በኋላ ሊያገባት አስቦ መንደሩ ሲመለስ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ከጆ ጋር በተጋቡበት ቀን ይደርሳል።

የዲከንስ የራሱ ሕይወት አለበት?

አለበት። ዲከንስ በ1812 ተወልዶ የልጅነቱን ጥሩ ዓመታት ያሳለፈው ከዚያ ረግረግ ብዙም በማይርቀው በቻተም ነው። በ1824 አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገባ የ12 ዓመቱ ልጅ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ ይህንንም ለብዙ ዓመታት ከሰው ደብቆ ኖሯል። ሀፍረትን በዚህ ጥልቀት የጻፈው ስለሚያውቀው ነው። ልብ ወለዱን የጻፈውም እዚያው ኬንት ውስጥ፣ በጋድስ ሂል በሚገኘው ቤቱ እየኖረ ነው።

መጨረሻው ሁለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በመጀመሪያው አጻጻፍ ኤስቴላ ባሏ ሞቶባት ሌላ ሰው፣ አንድ ሐኪም፣ አግብታለች። ከፒፕ ጋር ለንደን መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ እርሱ የጆና የቢዲን ልጅ ይዟል፣ እርሷ የእርሱ ልጅ ይመስላታል፣ ትስመዋለች። እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ደራሲው ቡልወር ሊተን ይህን አይቶ እንዲለውጠው መከረው፤ ዲከንስም በፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ግቢ፣ ጉሙ እየገፈፈ ሳለ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወጡበትን ጻፈ። የመጀመሪያውን የታተመ ያየነው ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኤስቴላ ሕፃኑን የፒፕ መስሏት ስትስም እርሱ አላረማትም፤ አንድ የማይሆን ነገር ሆኖ እንዲታያት ተወላት። ሁለተኛውም ቢሆን ይጋባሉ አይልም፤ ፒፕ የሚናገረው ዳግመኛ የመለያየት ጥላ እንዳላየ ብቻ ነው፣ ፒፕ ደግሞ ከዚህ በፊትም ብዙ ነገር ሳያይ ቀርቷል።

በእንግሊዝኛ ላንብበው? ይከብዳል?

ጆና ማግዊች ሲናገሩ ይከብዳል፤ ዲከንስ ቃላቱን እንደ አነጋገራቸው አጣሞ ይጽፋቸዋል። መፍትሔው እነዚያን ቦታዎች ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ዓይን ያላወቀውን ቃል ጆሮ ያውቀዋል። ሌላው ምክሬ አለመቸኮል ነው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ብቻ እየደረሳቸው ነበር ያነበቡት። በዚያ ልክ ከጀመራችሁ በሰባተኛው ምዕራፍ፣ ጆና ፒፕ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ሁለቱን ፊደላት በሚፈልጉበት ማታ፣ ቆም ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት።